የመኪናችሁ ቁልፍ ደሴ ላይ ቢጠፋ ምን ታደርጋላችሁ?

ባለፈው ክረምት ነው፤ ዕለቱም ሰኞ። ሰኞ ገበያ ገብቼ በርበሬ ሸምቼ ስወጣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሸፍኖታል። ኪሴን ዳበስኩ። ቁልፍ የለም። ሌላኛውን ኪስ፣ ጃኬቱን፣ ፌስታሉን ሁሉ ፈተሽኩ። የለም።

መኪናዬ አሮጌ ቪትዝ ናት። ቁልፏ አንድ ብቻ ነበር። ስገዛት ሻጩ «ሁለተኛው ጠፍቷል» ሲለኝ ምንም አልመሰለኝም። ያ ነገር በኋላ ሁለት ሙሉ ቀን፣ አንድ የተሰበረ የበር ቁልፍና ብዙ ብር አስከፈለኝ። አብዛኛው ብር የወጣው ደግሞ ተደናግጬ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ስለጠራሁ ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራውን ከሚያውቁ ሰዎች ጠይቄ የተረዳሁትን በተራ ላስቀምጥላችሁ።

1. መጀመሪያ ረጋ ብላችሁ ፈልጉ

ስልክ ከማንሳታችሁ በፊት ወደ መኪናው ተመለሱ። በመስኮቱ አጮልቃችሁ እዩ። ቁልፉ ማስነሻው ላይ ተሰክቶ፣ ወንበር ላይ ወድቆ፣ ዕቃ ስትጭኑ ኋላ ኮፈኑ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ውስጥ ከታየ ችግሩ የበር መክፈት ብቻ ነው። ዋጋውም ሥራውም ሌላ ነው።

ካልታየ የሄዳችሁበትን መንገድ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ተመለሱበት። ሒሳብ የከፈላችሁበት ቦታ ሁሉ ቁሙ፤ ቁልፍ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ ብር ስናወጣ ነው። ለባለሱቁ፣ ለሊስትሮው፣ ለጥበቃው፣ ለባጃጅ ሹፌሩ ስልካችሁን ተዉላቸው። የእኛ አገር ሰው ያገኘውን ቁልፍ ለአቅራቢያው ሱቅ ነው የሚሰጠው። ወሮታ እንዳለውም ተናገሩ።

ፌስቡክ ወይም ቴሌግራም ላይ ስትለጥፉ ግን የታርጋ ቁጥር አትጻፉ። መኪናው የቆመበትንም ቦታ አትናገሩ። ቁልፉን ያገኘው ሰው ክፉ ከሆነ መኪናውን ራሳችሁ አሳያችሁት ማለት ነው። የቁልፉ ፎቶ ካላችሁም ጥርሱ የሚታይበትን አታውጡ። ጥርሱ በደንብ ከታየ ከፎቶ ላይ ቁልፍ መቅረጽ ይቻላል።

2. መኪናውን ጠብቁ

ቁልፉ ብቻውን ወድቆ ከሆነ ያገኘው ሰው የማን እንደሆነ አያውቅም። ከቦርሳ ጋር ተሰርቆ፣ ቦርሳው ውስጥም ሊብሬው ወይም መታወቂያው ካለ ግን ነገሩ ይለያል። ያን ጊዜ ሌባው ቁልፉም አድራሻውም አለው። ያኔውኑ ለፖሊስ አመልክቱና ማስረጃ ያዙ። ሊብሬውን ለማስተካትም፣ ኢንሹራንስ ለመጠየቅም ያስፈልጋችኋል። ኢንሹራንሳችሁ ሙሉ ከሆነ ውሉን አውጥታችሁ አንብቡ፤ የጠፋ ቁልፍን የሚሸፍንም የማይሸፍንም አለ።

ሌሊቱን መኪናው ውጭ የሚያድር ከሆነ የጓደኛ መኪና ከፊቱ አስጠግታችሁ አቁሙ፤ ከኋላው ግንብ ቢሆን ይመረጣል። ካልሆነ ክሪክና የጎማ መፍቻ ተውሳችሁ አንዱን የፊት ጎማ ፍቱ፤ ያለ ጎማ የትም አይሄድም። ለአካባቢው ጥበቃም ጉዳዩን ንገሩት። ያለ ጎማ የትም አይሄድም።

3. ቁልፋችሁ የትኛው ዓይነት እንደሆነ እወቁ

ባለሙያው ስልክ ላይ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ይህንን ነው። መልሱን ካላወቃችሁ ዋጋውም በግምት ይነገራችኋል።

ባዶ ብረት የሆነው ቁልፍ አለ። የድሮ ኮሮላ፣ ላዳ፣ አሮጌ አይሱዙ፣ ባጃጅም። ይህ ብረት ብቻ ነው፤ መንገድ ዳር ማሽን ያለው ቁልፍ ቀራጭ ይጨርሰዋል።

ሁለተኛው ጭንቅላቱ ፕላስቲክ ሆኖ ውስጡ ቺፕ ያለበት ነው። ሦስተኛው ባለ ሪሞት ሲሆን በአብዛኛው ቺፕም አለው። አራተኛው ስማርት የሚባለው ነው፤ ኪስ ውስጥ ሆኖ በሩ ይከፈታል፣ መኪናውም አዝራር ሲጫኑ ይነሳል።

ቺፕ መኖር አለመኖሩን ቁልፉ በእጃችሁ እያለ ዛሬውኑ ማወቅ ትችላላችሁ። መኪናው ቆሞ ሲቆለፍ ዳሽቦርዱ ላይ ትንሽ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ፣ በተለይ የመኪናና የቁልፍ ሥዕል ካለው፣ ቺፕ የመኖሩ ዕድል ትልቅ ነው። ቶዮታ ከሆነ የብረቱን አንገት ተመልከቱ። እዚያ ላይ የተቀረጸ ነጥብ፣ ወይም የእንግሊዝኛው ጂ ወይም ኤች ፊደል የቺፑን ዓይነት ይናገራል። ለባለሙያው ንገሩት፤ የሚያዘው ቺፕ በዚያ ይወሰናል።

ካልተረጋገጠላችሁ የምግብ መጠቅለያ ፎይል ውሰዱ። የቁልፉን ጭንቅላት አራት አምስት ዙር ጠቅልሉትና ለማስነሳት ሞክሩ። ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሹ ሞተር) እየዞረ ዋናው ሞተር አልነሳም ካለ ቺፕ አለው። ፎይሉን ስታነሱት ይነሳል።

4. ቺፑ የሚሠራው እንዴት ነው?

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ይህን የተረዳ ሰው በቀላሉ አይታለልም።

ቺፑ ከባቄላ ፍሬ ያነሰ ነው። የራሱ ባትሪ የለውም። ቁልፉን የምትሰኩበት ቀዳዳ ዙሪያ የተጠመጠመ የሽቦ ጥቅልል አለ። ቁልፉን ስታዞሩ ጥቅልሉ በ125 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ሞገድ ይለቃል። ቺፑ ኃይል የሚያገኘው ከዚያው ሞገድ ነው። ነቅቶም ቁጥሩን ይናገራል። ኢሞቢላይዘር የሚባለው ሳጥን ቁጥሩን ከመዘገባቸው ቁልፎች ጋር ያስተያያል፤ ግቢ በር ላይ ስም ዝርዝር ይዞ እንደቆመ ጥበቃ ማለት ነው። ስሙ ካለ ሞተሩ ይነሳል። ከሌለ ነዳጁን ወይም የካንዴላውን እሳት ይቆርጣል።

የድሮዎቹ ቺፖች ሁልጊዜ አንድ ቁጥር ነው የሚናገሩት። ስለዚህ መቅዳት ቀላል ነው። የኋለኞቹ ግን ሚስጥራቸውን አፍ አውጥተው አይናገሩም። መኪናው በየጊዜው አዲስ ጥያቄ ይልካል፤ ቺፑ በውስጡ ባለው ሚስጥር መልሱን አስልቶ ይመልሳል። የዛሬን መልስ የቀዳ ሰው ነገ አይጠቅመውም።

አሁን አንድ የተለመደ ነገር ይገባችኋል። ሰው መንገድ ዳር ብረቱን ብቻ ያስቀርጻል። በሩ ይከፈታል፣ ቁልፉ ይዞራል፣ ሞተሪኖው ይሽከረከራል፣ መኪናው ግን አይነሳም። ከዚያ ባትሪ ይቀየራል፣ ካንዴላ ይቀየራል፣ የነዳጅ ፓምፕ ይፈታል። ችግሩ ቁልፉ ስሙ ያልተመዘገበ መሆኑ ብቻ ነው። ያቺን ቀይ መብራት እዩ። ቁልፉ ዞሮም ብልጭ ድርግም ማለቷን ካላቆመች መኪናው ቁልፉን አላወቀውም።

ይህ ጥበቃ ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ። አውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ1998 መጨረሻ ጀምሮ ለአዳዲስ የቤት መኪኖች ግዴታ አድርጋዋለች። ካናዳም በ2007 ተከተለች። አሜሪካ ግን ግዴታ አላደረገችውም። እዚያ ከ2011 እስከ 2021 ከተሠሩት የኪያና የሃዩንዳይ መኪኖች ብዙዎቹ ያለ ኢሞቢላይዘር ተሸጡ። ወጣቶች የማስነሻውን ሽፋን ገንጥለው በስልክ ቻርጀር ገመድ ጫፍ እያዞሩ ሲወስዷቸው ዓለም በቪዲዮ አየ።

ሪሞቱ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ሪሞት በር ይከፍታል፣ ይቆልፋል፤ የራሱ ባትሪና የራሱ ሞገድ አለው። በሚሰካ ቁልፍ ላይ የሪሞቱ ባትሪ ቢሞት መኪናው መነሳቱን አይተውም። ሪሞት ስትገዙ ግን ሞገዱን ጠይቁ። ለአውሮፓ የተሠሩት ብዙውን ጊዜ 433 ሜጋ ኸርዝ፣ ለጃፓንና ለአሜሪካ የተሠሩት 315 አካባቢ ናቸው። መልኩ አንድ ዓይነት ስለሆነ ብቻ የተገዛ ሪሞት አይሠራም።

5. ወረቀቱንና ቁጥሩን አዘጋጁ

ሊብሬ፣ መታወቂያ፣ የሻንሲ ቁጥር። መኪናው የባለቤቱ ካልሆነ ውክልና። ብዙ መኪና ላይ የሻንሲ ቁጥሩ 17 ፊደልና አኃዝ ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠራ ከሆነ አጭር ነው፤ በመሐሉም ሰረዝ አለው። ቁጥር ጎደለ ብላችሁ አትደንግጡ።

መኪናው አዲስ ሲገዛ ከቁልፉ ጋር ትንሽ ቁጥር የተጻፈባት የብረት ታርጋ ነበረች። ብዙ ሰው ይጥላታል። እሷ ካለች የጥርሱ ልክ ከቁጥሩ ይገኛል፤ በር ሳይነካ ቁልፉ ይቀረጻል። ከቁልፉ ጋር ሳይሆን ቤት አስቀምጧት።

ለእኔ መጨረሻ ላይ የሠራልኝ ልጅ ከኮምቦልቻ ነው የመጣው። ከመኪናው እንደወረደ «አብሽር ጋሼ፣ ይነሳል። መጀመሪያ ግን ሊብሬውን ያሳዩኝ» አለኝ። ሁለት ቀን ከተንከራተትኩ በኋላ ስለነበር ትንሽ ከፋኝ። ኋላ ሳስበው ግን ትክክለኛው ሰው እሱ ነበር። ከእሱ በፊት የመጡት ማንነቴን እንኳ አልጠየቁኝም። ሊብሬ ሳይጠይቅ ቁልፍ የሚሠራ ሰው ነገ ለሌላውም የእናንተን መኪና ቁልፍ ይሠራል።

6. ባለሙያውን ወደ መኪናው አምጡ እንጂ መኪናውን ጎትታችሁ አትውሰዱ

ይህንን አደራ እላለሁ። ቁልፉ ደሴ ጠፍቶ ባለሙያው ኮምቦልቻ ካለ «በገመድ ጎትተን እናውርደው» የሚል አይጠፋም። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ነገር ግን መሐሉ ላይ ሐረጎ የሚባለው ቁልቁለት አለ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ልዩነቱን በዚያ ጠመዝማዛ ነው የምትወርዱት።

ሞተሩ ያልተነሳ መኪና የፍሬን ማገዣው ሁለት ሦስት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ያልቃል። ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። መሪው ይከብዳል። በዚያ ላይ ቁልፍ ከሌለ መሪው ራሱ ተቆልፏል፤ ጨርሶ አይዞርም። ካምቢዮው አውቶማቲክ ከሆነ ደግሞ የሚነዱት ጎማዎች መሬት ላይ እየዞሩ መጎተት ካምቢዮውን ያቃጥለዋል። የግድ መሄድ ካለበት ሙሉ በሙሉ በሚጭን መኪና ላይ ይጫን። ባለሙያው የሚያስፈልገው ማሽን ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ነው። ታክሲ ከፍላችሁ እሱን ማምጣት ይረክሳል።

ባለሙያ ስትፈልጉ የመኪና ኤሌክትሪሺያኖችን ጠይቁ። ብረት የሚቀርጽ ሁሉ ቺፕ አይጽፍም፤ ማለትም ቺፑን መኪናው ላይ ማስመዝገብ አይችልም። ስልክ ላይ የመኪናውን ዓይነት፣ የተሠራበትን ዓመት፣ የቁልፉን ዓይነት፣ «ሁሉም ቁልፍ ጠፍቷል» ወይም «አንድ ቀርቷል» የሚለውን ተናገሩ። «ይህን መኪና ከዚህ በፊት ሠርተህ ታውቃለህ?» በሉት። መልሱ ከተንዛዛ አመስግናችሁ ሌላ ፈልጉ።

7. ዋጋውን ከፋፍላችሁ ተነጋገሩ

በአማርኛ በሩ ላይ ያለውንም፣ በእጃችን የምንይዘውንም፣ የሸሚዙንም «ቁልፍ» ነው የምንለው። እኔ «ቁልፉን ቀይርልኝ» ብዬ ነበር ለመጀመሪያው ሰው። እሱ የበሩን ሲሊንደር፣ ቁልፉ የሚገባበትን ማለት ነው፣ መስሎት ይሁን ሌላ፣ በመፍቻ ጠምዝዞ ሰበረው። ስለዚህ በግልጽ ተናገሩ። በር መክፈቻ ስንት? ብረት መቅረጫ ስንት? ቺፑ ስንት? መጻፊያው ስንት? ሪሞት ካለ ስንት? ሁለተኛ ቁልፍ አብሮ ሲሠራ ስንት ይጨምራል?

የመጨረሻዋን ጥያቄ አትርሱ። ማሽኑ ከተሰካ በኋላ ሁለተኛ ቁልፍ ማስገባት ትንሽ ሥራ ነው።

8. ሥራው ሲሠራ አጠገቡ ቁሙ

ጥሩ ባለሙያ በሩን ሳይሰብር ይከፍታል። የቁልፉን ማስገቢያ በመሣሪያ አንብቦ የጥርሱን ልክ ያወጣል፤ በዚያ ይቀርጻል። ከዚያ ከመሪው በታች ባለው 16 ቀዳዳ ሶኬት ላይ ማሽኑን ይሰካና ቺፑን ያስመዘግባል።

አንድ ቁልፍ ካላችሁ ይህ በደቂቃዎች ያልቃል። ሁሉም ከጠፋ መጀመሪያ የመኪናው መዝገብ መከፈት አለበት። በብዙ ቶዮታዎች ላይ ይህ 16 ደቂቃ ያህል ይጠበቃል፤ ባለሙያው ዝም ብሎ ሲቀመጥ ሥራ የፈታ አይምሰላችሁ። ከዚህ በዕድሜ ያረጁት ላይ ደግሞ ሳጥኑ ወጥቶ፣ ተከፍቶ፣ በውስጡ ያለው ትውስታ በቀጥታ ይነበባል። ይህ የእጅ ብልሃት የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ ከመነካቱ በፊት የነበረውን ፋይል እንዲያስቀምጥላችሁ ጠይቁ።

ባትሪ ላይ ተጠንቀቁ። ቺፑ እየተጻፈ ሳለ የመኪናው ባትሪ ከወደቀ ሳጥኑ ሊበላሽ ይችላል። ቀናት የቆመ መኪና፣ በዚያም ላይ የደሴ ብርድ፣ ባትሪን ያደክማል። ከ12 ቮልት በታች ከሆነ ቻርጀር ወይም የሌላ መኪና ባትሪ ሳይያያዝ እንዳይጀመር አድርጉ።

9. የጠፋውን ቁልፍ አስሰርዙ

አንድ ቁልፍ ቀርቶላችሁ አዲስ ካስጨመራችሁ የጠፋው አሁንም በመዝገቡ አለ። ያገኘው ሰው መኪናውን ያስነሳል። «የጠፋውን ሰርዝልኝ» በሉ። ሲሰረዝ ያሉት ቁልፎች በሙሉ እንደገና መመዝገብ ሊኖርባቸው ስለሚችል ቤት ያለውንም ይዛችሁ ሂዱ።

ቺፑ ቢሰረዝም ብረቱ በሩን ይከፍታል። ቁልፉ ተሰርቆ ከሆነ የበሩ ሲሊንደር ይቀየር፤ እስከዚያ ውስጥ ዕቃ አትተዉ።

10. «ኢሞቢላይዘሩን እንዝጋው» ለሚላችሁ እምቢ በሉ

ለእኔም ተብሎልኛል። «ቺፕ ምን ያደርግልሃል፣ እንዝጋውና በብረት ብቻ ትነሳለህ» አለኝ ሁለተኛው ሰው። ሌላው መንገድ ደግሞ ቺፑን ከማስነሻው ሥር በፕላስተር ለጥፎ መተው ነው። ሁለቱም ርካሽ ናቸው። ሁለቱም መኪናችሁን ያኔ አሜሪካ እንደሚሰረቁት መኪኖች ያደርጉታል። ለሌላ ጥገና ጋራዥ ገብቶ ሲወጣ ሳያማክሩት ኢሞቢላይዘሩ የተዘጋበት ሰውም አውቃለሁ። የፎይሉን ሙከራ እንደገና አድርጉ። ድሮ ከልክሎ ዛሬ በፎይል ተጠቅልሎም ከተነሳ አንድ ሰው ነክቶታል።

11. ከመክፈላችሁ በፊት ሞክሩ

ሦስት ጊዜ አስነሱ፣ አጥፉ። ቆልፋችሁ አሥር ደቂቃ ጠብቁና እንደገና። ሁሉንም በር፣ የኋላውን፣ የነዳጅ ክዳኑን። ሁለቱንም ቁልፍ በየተራ። ቀይዋ መብራት ቁልፉ ሲዞር መጥፋቷን እዩ። ቁልፉ ሲገባ የሚጎረብጥ ከሆነ እዚያው ይስተካከል፤ ጎርበጥባጣ ቁልፍ ማስነሻውን ይበላዋል።

ስማርት ቁልፍ ላላችሁ

ብዙ ጊዜ «ቁልፌ ሞተ» የሚባለው ባትሪ ነው። ብዙዎቹ ውስጥ ክብ የሆነች 3 ቮልት ባትሪ አለች። ቁጥሩ ላይዋ ተጽፏል፤ 2032 የሚለው በጣም የተለመደው ነው። ባትሪው መንገድ ላይ ቢሞት ከቁልፉ ጎን ያለችውን ብረት ስባችሁ አውጡ፤ በሩን ትከፍታለች። ከዚያ ፍሬን ረግጣችሁ ቁልፉን ራሱን ከማስነሻው አዝራር ጋር አስነክታችሁ ያዙና አዝራሩን ተጫኑ። ብዙ ቶዮታዎች እንዲህ ይነሳሉ፤ ቁልፉ ውስጥ ያለው ቺፕ ያለ ባትሪም ስለሚናገር ነው።

ያገለገለ ስማርት ቁልፍ ከገበያ ስትገዙ ለሌላ መኪና የተመዘገበ ከሆነ ብዙ ጊዜ አዲስ አይቀበልም። ሊቀበል የሚችል መሆኑን ባለሙያው በማሽን ሳያይ ብር አትክፈሉ። ሌሊት ደግሞ ከበሩ አጠገብ አትስቀሉት። ሌባ ሞገዱን ከውጭ አጉልቶ እስከ መኪናው የሚያደርስበት ዘዴ አለ። ክዳን ያለው የብረት ቆርቆሮ ውስጥ ማስቀመጥ ይረዳል፤ ሞገዱን ማገዱን ለማወቅ ቁልፉ ያለበትን ቆርቆሮ ይዛችሁ ወደ መኪናው ቅረቡ፣ በሩ ካልተከፈተ ይሠራል።

አንድ ቁልፍ ብቻ ካላችሁ

እንግዲያው በዚህ ሳምንት ሁለተኛውን አሠሩ። አንድ በእጅ እያለ ሁለተኛ ማሠራት ሁሉም ከጠፋ በኋላ ከማሠራት እጅግ ይረክሳል። በር የሚከፍት የለም፣ ሳጥን የሚፈታ የለም፣ ታክሲ የለም። ያገለገለ መኪና ስትገዙም «ሁለተኛው ጠፍቷል» ከተባላችሁ ከዋጋው አስቀንሱና ቁልፎቹ በሙሉ ተሰርዘው እንዲመዘገቡ አድርጉ። የጠፋው የት እንዳለ ሻጩም አያውቅም።

ላቫጆ ስትሰጡም የመኪናውን ቁልፍ ብቻ ከቀለበቱ አውጥታችሁ ስጡ። የቤቱን ቁልፍ አብራችሁ አትስጡ።

ሁለተኛውን መኪናው ውስጥ አትደብቁ። ከሊብሬው ጋርም አታስቀምጡ። የእኔ ኮምቦልቻ እህቴ ቤት ነው ያለው። በየሁለት ሦስት ወሩ ስሄድ በእሱ አስነስቼ፣ ገበያ ደርሼ እመለሳለሁ፤ መሥራቱን ለማረጋገጥ። ደሴ ላይ ቢጠፋብኝ እሷ ቁልፉን ይዛ ታክሲ ትሳፈራለች፤ ሐረጎን እስክትወጣ ሻይ እየጠጣሁ እጠብቃለሁ።